እጀ ላባና የቅርቧ ኳስ

እጀ ላባ ይሉት ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ያንን ስም ግን ከሚስቱ በቀር የሚጠራው አልነበረም፣ እሷም ብትሆን የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነበር። ፀጉር አስተካካይ ነው። የሚሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የጎልፍ ክበብ ውስጥ፣ አባላቱ ልብስ ከሚቀይሩበት አዳራሽ አጠገብ፣ ቀድሞ የባልዲና የመጥረጊያ ማስቀመጫ በነበረች ጠባብ ክፍል ነበር። ያች ክፍል ዛሬ የለችም፤ አፍርሰው ከአዳራሹ ጋር ቀላቅለዋታል።

ወንበሩ አንድ ነው። በእግር ሲረገጥ ከፍ ይላል፤ ግን ዘይቱ ስለሚያመልጠው ቀስ እያለ ይወርዳል። ሰው ከፍ ብሎ ይጀመርና ዝቅ ብሎ ያልቃል። «እዚህ ቤት ሰው የሚያምረው ሲዋረድ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። መስታወቱ በአንድ በኩል ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ልክ የተቀመጠው ሰው ጆሮ ላይ ስለሚያርፍ፣ አዲስ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ሳይወድ በግድ ጆሮውን ዳሰስ ያደርጋል።

ስሙን ያገኘው በምላጭ ነው። ምላጩ ጉሮሮ ላይ ሲሄድ አይሰማም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆይተው «መቼ ነው የምትጀምረው?» የሚሉት ነበሩ። «ፎጣውን ልስጥዎ፣ አልቋል» ይላቸዋል። ሲላጭ ደግሞ ያወራል። ወሬው እውነት አይደለም፣ ከሆዱ እያወጣ የሚቀጥለው ተረት ነው፤ መጨረሻውን እሱም ራሱ አያውቀውም። ሁልጊዜም ወሬው ሳያልቅ ጢሙ ያልቃል። «ከዚያስ?» ይላል ሰውዬው፣ ፊቱን እየጠረገ ከወንበሩ ሲነሳ። «ከዚያማ ጢምዎ ሲያድግ።» ክበቡ ውስጥ ስንት ትልልቅ ሰው ነበር ጢሙ እንዲያድግ የሚቸኩል!

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እጀ ላባ እጁን አይቶ አያውቅም ነበር። ማን እጁን ያያል? እጅ ሥራዋን ትሠራለች፣ ሰውም ወሬውን ያወራል። ነገሩ የተበላሸው ሲያያት ነው።

ሰኞ ሰኞ ክበቡ ለአባላት ዝግ ስለሆነ ሠራተኞቹ እንዲጫወቱ ተፈቅዶላቸዋል። እጀ ላባን ወደ ጨዋታው የሳበው የልብ ጓደኛው ሳር አጫጁ ነው። ሳር አጫጁ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ሲሆን ከሳር በቀር በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ እንደ አረም ነበር የሚታየው። ጨዋታው ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ ሄደው ሄደው ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሳር አጥሮ ስለሚታጨድ ሠራተኞቹ «ምንጣፉ» ይሉታል። ምንጣፉ ላይ ከደረሱ በኋላ ኳሷ አትመታም፣ ትገፋለች፤ ቀስ ተደርጋ፣ እንደ ተኛ ሕፃን። እጀ ላባ እንግዲህ ለዚህ የተፈጠረ ሰው ነበር። ከሩቅ ሆኖ ነካ ሲያደርጋት ኳሷ እየተንከባለለች ሄዳ ቀዳዳው ውስጥ ጠለቅ ትላለች። ሳር አጫጁም «ይቺን እጅ ቆርጠን እንሽጣት» ይለዋል።

ከዚያ የሠራተኞች ውድድር መጣ። እጀ ላባና ሳር አጫጁ አንድ ወገን ናቸው፤ በሌላው ወገን ምግብ አብሳዩና ዘበኛው። ቀኑን ሙሉ ሲደራረሱ ዋሉና በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ለእጀ ላባ አንዲት ኳስ ቀረችው። የእርምጃ ያህል እንኳ አትርቅም። ልጅ በእግሩ ጣት ገፍቶ የሚያስገባት ኳስ ናት። ምግብ አብሳዩ ተስፋ ቆርጦ ኮፍያውን አውልቆ ነበር።

የጨዋታው ደንብ ነው፤ አንድ ሰው ኳስ ሊመታ ሲቆም ሌላው ዝም ይላል። ያን ቀን ደግሞ የመጨረሻዋ ስለሆነች ዝምታው ከሌላው ቀን ባሰ። ዘበኛው ቁልፎቹ እንዳይንሿሹ በመዳፉ ጨበጣቸው። እጀ ላባ ጎንበስ አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የገዛ ትንፋሹ ሲወጣና ሲገባ ሰማ። እንዲህ ጮክ ብሎ ይተነፍስ ኖሯል እንዴ? ዓይኑ ወደ ታች ወረደና ዱላውን የያዘችው እጁ ላይ አረፈ። እጁ እዚያ አለች። ደም ሥሯ ተገትሯል፣ አውራ ጣቷ ጠቁሯል። «ይቺ ናት የምታስገባው?» ብሎ አሰበ። «ካላስገባችስ?»

እጁ ተፈናጠረች። እሱ አላዘዛትም፤ እንቅልፍ ሲወስደን እግራችን ብድግ እንደሚለው፣ እንደዚያ። ኳሷ በጉድጓዱ ጎን አልፋ ከነበረችበት ርቃ ቆመች።

«ላባው በነፋስ ተወሰደ!» ብሎ ጮኸ ምግብ አብሳዩ፣ ኮፍያውን ወደ ላይ እየወረወረ።

እጀ ላባም ሳቀ። ሰው ይስታል፣ ምን ይደረጋል። የሚያስገርመው ግን የሚከተለው ሰኞም እንደዚያው ሆነ፣ ከዚያ የሚከተለውም። ከሩቅ ያለችው ትገባለች፤ ቅርብ ያለችው፣ ዓይን ጨፍኖ የምትገባው፣ እሷ ስትሆን እጁ ትፈናጠራለች። ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው? ክፉ እጅ ከሆነች ሩቋንም አትስትም ነበር? ደህና እጅ ከሆነች ደግሞ የቅርቧ ምን አደረገቻት?

«አታስብ» አለው ሳር አጫጁ። «ችግርህ ማሰብ ነው። ዝም ብለህ ግፋት።»

«እሺ።» ቆመ። ቆየ።

«ምን እያሰብክ ነው?»

«እንዳላስብ እያሰብኩ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጭንቅላትህንም ከፀጉሩ ጋር አብረን ማስተካከል ሊኖርብን ነው።»

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው፣ የሰኞ ነገር ነው። በዚያ ቢቀር ማን ያወራው ነበር! ግን አንድ ጠዋት ጡረተኛው ዳኛ ሊላጩ መጡ። ዳኛው ደግ ሰው ናቸው፤ አገጫቸው ሁለት ነው፣ በሁለቱ መሀል ያለችውን እጥፋት ያለ ደም የሚያልፋት ከእጀ ላባ በቀር ሌላ ሰው የለም። ፎጣው አንገታቸው ላይ ከታሰረ በኋላ «ሰማሁ» አሉት። «የቅርቧ አልገባ አለችህ አሉ። እኔንም ይዞኝ ያውቃል እኮ! ዱላ ቀየርኩ፣ ጫማ ቀየርኩ። አደራህን ብቻ፣ እጅህን እንዳታያት።»

ለደግነት ነው የተናገሩት። እጀ ላባ ምላጩን አንስቶ፣ ሁለቱ አገጮች መሀል ሊገባ ሲል፣ ዓይኑ ወደ እጁ ሄደ። እንዳታያት የተባለ ሰው ምን ያያል? ምላጭ ይዛ ስትሄድ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። ያቺው እጅ ናት። ያቺው ደም ሥር፣ ያቺው አውራ ጣት። ከሥሯ ደግሞ የሰው ጉሮሮ አለ።

ተፈናጠረች።

ትንሽ ናት፤ ከጆሮ ሥር የጥፍር ያህል ጭረት። ዳኛው «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» እያሉ ፎጣውን ራሳቸው ያዙት። እጀ ላባ ግን ምላጩን ሳህኑ ላይ አስቀምጦ ግድግዳውን ተደገፈ። ኳስ ሲስት የሚስቅ ነበር፤ ይህ የሚያስቅ አይደለም። ሰው ጉሮሮውን ከፍቶ የሚሰጠው እሱን አምኖ ነው። እሱ ደግሞ ከእንግዲህ እጁን አላመናትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እጅም ለካ ባዳ ትሆናለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው፣ ክፉ ሰው ያደረገው ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ያደረጉት የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ዳኛው ለአባላቱ ነገሯቸው፤ «እንዳትረብሹት፣ ሐሳቡን ይሰብስብ፣ ዝም በሉለት።» የጎልፍ ሰዎች አይደሉ? አንድ ሰው እጁ ሲያስቸግረው የሚያውቁት መድኃኒት ዝምታ ነው። ምንጣፉ ላይ እንደሚያደርጉት አደረጉ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በሩ ላይ የሚጠብቁት እንኳ ጋዜጣ ሲገልጡ እንዳይሰማ ይጠነቀቃሉ። «ከዚያስ?» የሚል ጠፋ። እሱም ልቡን ሥራው ላይ ለማድረግ ብሎ ወሬውን ተወ። ያ ሲፏልል የነበረ ቤት ሬሳ የወጣበት መሰለ፤ የሚሰማው የወንበሩ ዘይት ጠብ ጠብ ሲል ብቻ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የዚያ ቤት ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር።

እጁም ባሰባት። በመቀስና በቶንዶስ ደህና ናት፤ ምላጭ ሲነካ ትጀምራለች። እጀ ላባ ሰበብ መፍጠር ጀመረ። «ዛሬ ምላጩ ደንዟል፣ ጋሼ።» «መሳያው ቆዳ ተቀዷል።» ሰዎቹም ያውቃሉ፣ እያወቁ «እሺ እሺ፣ ሌላ ቀን» ብለው ፂማቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ክበቡ ሁሉ ፂማም ሆነ።

እቤቱም ፈዘዘ። የቤቱን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ረስቶ ይሄድና ሚስቱ ደጅ ተገትራ ትውላለች። አንድ ማታ እራት ቀርቦ እጁን ከመብራቱ ሥር አድርጎ ሲያገላብጣት አየችው።

«እስቲ አምጣት» አለችው። ተቀብላ ገለበጠቻት፣ እንደ ገበያ ድንች። «ምንም የላትም። እንዲያውም ከኔ እጅ ትለሰልሳለች።»

«እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«እሷ ማናት?»

«እጄ ናታ።»

«ኧረ ጉድ! ደግሞ በላዬ ላይ አስቀመጥካት?» ብላ ሳቀች። እሱ ሳይስቅ ሲቀር ጊዜ ሳቋን ዋጠችው። «አንተ፣ እውነት አስፈራህ እንዴ?»

«ምላጩን ላስቀምጥ ነው» አላት። «በቶንዶስ እኖራለሁ። ሰው ከምገድል።»

ሚስቱ ይህ ሰው ያለ ምላጩ ምን እንደሚሆን ልታስበው ሞከረች፤ አልመጣላትም። ሳህኖቹን አነሳች።

በዚያ ሰሞን አባቷ ከሌላኛው ልጃቸው ዘንድ ከርመው መጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ጣቢያ የሠሩ ናቸው፤ ከባቡር ጋር ሲጯጯሁ ስለኖሩ ድምፃቸው ዛሬም ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። ፂማቸው ደረታቸው ላይ ደርሷል። ከአማቻቸው በቀር ጉንጫቸውን የነካው ሰው ስለሌለ፣ በሄዱበት ሁሉ አላስነካም ብለው ነው የመጡት።

«ና እንጂ!» አሉት ገና ሳይቀመጡ። «ፍየል መስዬ ልሙት እንዴ?»

«አባባ፣ እኔ እንኳ ምላጭ…»

«ምላጭ ምን ሆነ? ጠፋ? ግዛ!»

እጀ ላባ ሚስቱን አያት። ሚስቱ አባቷን አየች። ለሳቸው ማንም የነገራቸው የለም፤ እሷም አልነገረቻቸውም። ለምን እንዳልነገረቻቸው ኋላ ሲጠይቋት «እኔ እንጃ፣ ውሃ ልጥድ ሄድኩ» ነበር መልሷ።

ሽማግሌው መስኮቱ ሥር በወንበር ተቀመጡ። ፎጣ ታሰረላቸው። ረጅሙን በመቀስ አነሳላቸው፣ አረፋውን ቀባቸው፣ ቀባቸው፣ ደግሞ ቀባቸው። ከዚህ በላይ የሚቀባ ሲጠፋ ምላጩን አነሳ። የሳቸው አንገት ደግሞ እንዳረጀ ጨርቅ የላላ ነው፤ ከዚህ አንገት አንፃር ዳኛው ሜዳ ናቸው። እጀ ላባ እንደገና እጁን አያት። መጣች፣ ልትጀምር ነው። «አባባ፣ ይቅርታ፣ እኔ ከእንግዲህ…»

«ያንን ሰውዬ የት አደረስከው?» አሉ ሽማግሌው።

«የቱን ሰውዬ?»

«ቤት የገዛውን ነዋ! ቤት ገዛ፣ አንዷ ክፍል አልከፈት አለችው፣ ጆሮውን በሩ ላይ ሲለጥፍ ውስጥ ሰው ያስላል አልከኝ። ከዚያ ተላጭቼ ሄድኩ። ይኸው ያን ሁሉ ጊዜ በሩ ላይ እንደገተርከው ነው እኮ! አያሳዝንህም?»

እጀ ላባ ረስቶታል። «እሱማ…» አለ። «እሱማ… አንኳኳ።»

«እህ!»

«አንኳኳና ‹ማነው?› አለ። ከውስጥ ደግሞ ‹አንተ ማነህ?› አለው።»

«አቤት ድፍረት! የገዛ ቤቱ ውስጥ!»

«አዎ። ‹እኔማ ባለቤቱ ነኝ› አለ። ‹እኔም ባለቤቱ ነኝ› አለው ከውስጥ።»

«ዋሽቷል!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው፤ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። «ቤት ሻጩ ነው፣ ተደብቆ ነው! ከዚያስ?»

«ከዚያ ሰውዬው ግራ ገባው። ቁልፍ ሠሪ ልጥራ ወይስ ፖሊስ እያለ ቆሞ ሲያወላውል፣ በበሩ ሥር…» ብሎ ቀጣዩን ለማሰብ ቀና አለ። ፎጣውን አነሳ። የሽማግሌው ፊት እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል። አንዲት ጠብታ ደም የለም። ምላጩ ተጠርጎ ሳህኑ ላይ ተጋድሟል። መቼ ጠረገው? ጉሮሯቸውን መቼ አለፈ?

ሚስቱ ማሰሮ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ውሃው የሚፈለግበት ሥራ ካለቀ ቆይቷል።

«ከዚያስ?» አሉ ሽማግሌው።

እጀ ላባ ፎጣውን አጣጠፈ። «ከዚያማ… ጢምዎ ሲያድግ።»

በማግስቱ ክበብ ሲደርስ ዳኛውን አስቀመጠ። ዳኛው እንደ ልማዳቸው ከንፈራቸውን ገጠሙ። «ጋሼ፣ እባክዎ» አላቸው፣ «ዝም አይበሉኝ። ከዝምታዎ ስድብዎ ይሻለኛል።» ዳኛው ደነገጡ። ምን ይበሉ? ሰው ተናገር ሲባል የሚናገረው አያገኝም። «ዛሬ… ደመና ነው መሰለኝ» አሉ። እጀ ላባም «ደመና ሲሉ ጊዜ ትዝ አለኝ፣ አንድ ሰውዬ ቤት ገዛና…» ብሎ ጀመረ። ወንበሩ ቀስ እያለ ወረደ። ዳኛው ያለ ጭረት ተነሱ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «ከውስጥ ያለው ማነው?» አሉ። ምላጩ በዚሁ ተመለሰ።

እንግዲህ እጀ ላባ ነገሩ የገባው መስሎት ነበር። ሰኞ ሲደርስ ሳር አጫጁን «ስቆም አውራኝ» አለው። ሳር አጫጁ ስለ ሳር በሽታ እያወራለት እጀ ላባ የቅርቧን ኳስ ገፋት። ሳታት። ተረቱን ራሱ እያወራ ገፋት። ሳታት። «ታዲያ ምኑ ነው የዳነው?» አለው ሳር አጫጁ። «ጉሮሮ ትስታለህ ብለን ስንፈራ ጉሮሮ አልሳትክ፤ ይቺ ጉድጓድ ምን አድርጋህ ነው?» እጀ ላባ እጁን አየ፣ ጉድጓዱን አየ። ከዚያ በኋላ ኳሷ ቅርብ እንዳትቀር ብሎ፣ ሆን ብሎ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ጀመረ፤ ከሩቅ ትገባለቻ! ምግብ አብሳዩ ይህን ሲያይ «ወይኔ! ከጉድጓድ የሚሸሽ ሰው አየሁ» ብሎ ሳር ላይ ተንከባለለ።

ከሰኞዎቹ በአንዱ ታዲያ እንደገና የመጨረሻ ጉድጓድ ላይ፣ እንደገና የእርምጃ ያህል የማትርቅ ኳስ ቀረችው። አጠገቡ ያሉት ተረቱም ዝምታውም ስላልሠራ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው፣ ግማሹ ያጉተመትማል፣ ግማሹ ዝም ብሏል። እጀ ላባ ጎንበስ አለ። ትንፋሹ መጣ። እጁ መጣች።

«አንተ!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ በኩል መጣ። ተከትሎም ሙሉ ስሙ፣ ያ እናቱ ያወጣችለት። ሚስቱ ናት፤ ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ ላብ በላብ ሆና። «ቁልፉን ደግሞ ይዘኸው ሄድክ! ዛሬም ደጅ ልዋልልህ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው፣ ነይ ውሰጂው!» ብሎ መለሰ ቀና ብሎ። እየመለሰ ሳለ ዱላው ነካ አደረጋት። ኳሷ ጠለቅ ስትል ሁሉም ሰማ።

ሳር አጫጁ ዘሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ምግብ አብሳዩ «አይቆጠርም፣ ሚስቱ ናት የመታችው!» አለ። እሷ ምን እንዳደረገች አልገባትም፤ ቁልፏን ተቀብላ «ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣኸው?» አለች፣ ጉድጓዱን ዝቅ ብላ እያየች። «ቡና ሲኒ የማትሞላ ጉድጓድ?»

ከዚያ ወዲያ ሳር አጫጁ በየሰኞው እንድትመጣ ለመናት። መጣች፤ አጥሩ ጋ ቆማ፣ ኳሷ ቅርብ ስትሆን «ቁልፉን!» ብላ ጮኸች። ሳታት። በሌላ ሰኞ ቀይራ «ቤቱ ተቃጠለ!» አለችው። እሷንም ሳታት። ትጮኻለች ብሎ እየጠበቀ ነዋ።

ማታ፣ አባቷን መስኮቱ ሥር አስቀምጦ አረፋውን ሲያዞር ጠየቀችው። «ታዲያ መቼ ልጥራህ?»

«ሳላውቅ።»

«ሳታውቅ እንደምጠራህ ካወቅክስ?»

ብሩሹን ይዞ ቆመ። ይህንን አላሰበውም ነበር። ሊያስበው ሲጀምር ዓይኑ ወደ እጁ ዘንበል አለ።

«ተዋት አንተ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው ከአረፋው ውስጥ። «በበሩ ሥር ምን መጣ?»